አርባ አንድን ነጭ ያደረግኩት እኔ ነኝ

ሰኞ፣ 2ኛ ሳምንት

ቀኑን እንደ እናቴ ልጻፈው። እኛ ቤት ወር የለም፣ ጉባኤ ነው ያለው። የክልሉ ምክር ቤት በዓመት አሥራ ሁለት ሳምንት ይሰበሰባል። እናቴ አሥራ ሁለቱን ሳምንታት እየቆጠረች ትኖራለች፤ የቀረውን ዓመት ደግሞ ለእነሱ ስትዘጋጅ ትከርማለች።

ሥራዋ ይህ ነው፦ ክልሉ የሚያወጣው ሕግ ሁሉ መጥቶ የሚያርፈው ከተማው ላይ ነው፤ ውሃው ላይ፣ መንገዱ ላይ፣ ገበያው ላይ። ሕጉ ከወጣ በኋላ ከተማው ቢጮህ የሚሰማው የለም። ስለዚህ አንድ ሰው ረቂቆቹን ከወዲሁ እያነበበ ይሄ ይነካናል፣ ይሄ አይነካንም ማለት አለበት። ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ያ ሰው እናቴ ናት። ከእሷ በቀር አንድ ረቂቅ ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው የለም ይባላል። የምትለው ግን ራሷ ናት።

መዝገቧ በቀለም ነው የሚሠራው። ቀይ ከሆነ እንቃወማለን፣ አረንጓዴ ከሆነ እንደግፋለን፣ ቢጫ ከሆነ ዓይናችንን አንነቅልም። ነጭ ማለት ምንም ያልተቀባ ነው፤ አይመለከተንም። ዓርብ ዓርብ ጸሐፊዋ ዝርዝሩን ስትገለብጥ ነጮቹን ትዘላለች። ከዚያ ወዲያ የሚያነሳቸው የለም።

ይህን ደብተር የሰጠኝ የክፍል ኃላፊ መምህራችን ነው። ጻፍ፣ ያቀልልሃል አለኝ። እሺ፣ ልጻፍ። ፌንጣ ከሞተች አምስት ወር ሆነ። ፌንጣ እህቴ ናት፣ ስምንት ዓመቷ ነበር። መራመድ የሚባል ነገር አታውቅም፣ እየዘለለች ነበር የምትሄደው፤ ስሙም የወጣላት በዚያ ነው። ከትምህርት ቤት ወጥታ ጠጠር የጫነ ገልባጭ ገጫት። እኔ ላመጣት ሄጄ ነበር። ሰዓቴን ጠብቄ ነው የደረስኩት። እሷ ቀድማኝ ወጥታ ነበር።

ለሁሉም የተናገርኩት ይህንኑ ነው።


ሐሙስ፣ 2ኛ ሳምንት

እሷ ከሞተች በኋላ ከተማው ደንብ አወጣ። ተማሪ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት ከባድ መኪና በትምህርት ቤቱ መንገድ አያልፍም። ረቂቁን የጻፈችው እናቴ ናት፤ በአራት ቀን ጨረሰችው። በመንገዱ ሁለት ጫፍ ምልክት የያዙ ቢጫ ምሰሶዎች ተተከሉ። እናቴ ወደ ሥራ ስትሄድ በዚያ በኩል ነው የምትዞረው። መንገዷ አይደለም። ለምን እንደሆነ ማንም አይጠይቃትም።

ዛሬ ከሰዓት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሆና ስታነብ እጇ አንድ ገጽ ላይ ቀረ። ብዙ ቆየች። ከዚያ ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ ቧንቧውን ከፈተችው፣ ውሃው ዝም ብሎ ፈሰሰ። አባቴ የከተማው ውሃ ክፍል ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ጎረቤት ቤት ጠብ ሲል እንኳ ተነስቶ የሚሄድ ሰው ነው። ጋዜጣውን እንደያዘ ከወንበሩ አልተነሳም።

ገጹን አየሁት። ስለ መንጃ ፈቃድ እድሳት ነው። «ከባድ ተሽከርካሪ» የሚለው ዘጠኝ ጊዜ ተጽፏል። ቆጠርኩት።


ማክሰኞ፣ 3ኛ ሳምንት

መላ አገኘሁ።

ከሐዘኑ ወዲህ እናቴ ግማሽ ቀን ቤት ሆና እንድትሠራ ፈቅደውላታል። ተላላኪው አዲሶቹን ረቂቆች ማክሰኞና ሐሙስ ቤት ያደርሳል፣ እሷ ከመምጣቷ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ። የምቀበለው እኔ ነኝ። ዛሬ ገልጬ አየኋቸውና ያ ቃል ያለባቸውን ሁለቱን አወጣሁ። ቁጥርና ርዕሳቸውን መዝገቡ ላይ በእሷ ጽሑፍ ጻፍኩ፤ ቀለም አልቀባሁም። በእሷ ጽሑፍ መጻፍ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የማውቀው ሙያ ነው። ከትምህርት ቤት ለሚላክ ወረቀት ሁሉ ስፈርምላት ኖሬያለሁ።

አንዱ ስለ ጎማ ምርመራ ነው። ሌላው ቁጥር 41፣ «የግንባታ ዕቃዎች አቅርቦት ረቂቅ አዋጅ»። አሸዋና ሲሚንቶ ነው። እኛን ምን አገባን። ሁለቱንም ፍራሼ ሥር አደረግኳቸው።

ዛሬ ቧንቧ አልተከፈተም። እራት ላይ እናቴ ሁለት ጊዜ ጨመረች።


ቅዳሜ፣ 4ኛ ሳምንት

ኮሪደሩ ለምሳ መጣ። ኮሪደሩ የምንለው የከተማችንን ጉዳይ ክልል ምክር ቤት ድረስ ሄዶ የሚከታተለውን ሰው ነው። ቢሮ አልሰጡትም፣ ኮሪደር ላይ ነው የሚውለው። ከንቲባው የፈረመውን ደብዳቤ ይዞ አባላቱን ሽንት ቤት በር ላይ ጠብቆ ይይዛቸዋል ይባላል። እሱም አይክድም። ሰው እጁን ሲታጠብ ውሸት አይመጣለትም ይላል።

ዘንድሮ ነገር ደብቆ ማስገባት በዝቷል አለ። ርዕሱ ስለ ንብ እርባታ የሆነ ረቂቅ ውስጥ ገጽ ሠላሳ ላይ የውሃ ቆጣሪ ጉዳይ አግኝቷል።

«ንቦቹ ስንት ሊትር እንደሚጠጡ ጠየቅሃቸው?» አለችው እናቴ።

ሳቀች። በአምስት ወር ውስጥ የመጀመሪያዋ ነው። አባቴ ቀና ብሎ አያት። እኔም ልስቅ ስል፣ ለዚህ ነው ርዕስ አንብቤ የማላውቀው ብላ ቀጠለች። ጉርሻው ትን አለኝ። ኮሪደሩ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

ፍራሹን አላነሳሁም። ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ።


ማክሰኞ፣ 5ኛ ሳምንት

ዛሬ ሦስት አወጣሁ። አልጋዬ ከፍ ብሏል።

በዚያ መንገድ ስመለስ የፌንጣ ትምህርት ቤት ጥበቃ በእጁ ጠራኝ። ያላየሁ መስዬ አለፍኩ። ያን ቀን በሩ ላይ የነበረው እሱ ነው። ምናልባት አምስት ደቂቃ ዘግይቼ ይሆናል። የእኔ ሰዓት ከእነሱ ሰዓት ጋር ላይገጥም ይችላል።


ሰኞ፣ 6ኛ ሳምንት

በእረፍት ሰዓት። እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው።

አጠገቤ የሚቀመጠውን ልጅ ዳኛው እንለዋለን፤ የኳስ ጠብ ሁሉ እሱ ዘንድ ነው የሚፈረደው። አጎቱ የገልባጭ ሾፌር ነው። ዛሬ ለኋላ ወንበር ልጆች ሲያወራ ሰማሁት። አጎቴ ከወር በኋላ በአቋራጩ ልንገባ ነው ይላል፣ ምሰሶዎቹ ሊነቀሉ ነው፣ ክልሉ ሕግ እያወጣ ነው እያለ። አንዱ በክርኑ ጎሰመውና ወደ እኔ አመለከተው። ዳኛው ዞሮ ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ። እኔ እርሳስ የምቀርጽ መሰልኩ።


ሰኞ፣ ቤት

41ን ከፍራሼ ሥር አወጣሁት። አንቀጽ 17። ገጽ ሃያ ሁለት። ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ፦

«የግንባታ ዕቃ የሚያጓጉዝ ተሽከርካሪ የሚንቀሳቀስበትን ሰዓትም ሆነ መንገድ ማንኛውም የከተማ አስተዳደር ሊገድብ አይችልም። ይህን የሚቃረን ደንብ ተፈጻሚነት አይኖረውም።»

የሚሻረው የፌንጣ ደንብ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተኝቼበታለሁ።


ረቡዕ፣ 6ኛ ሳምንት

ከተሞች ተቃውሟቸውን በጽሑፍ የሚያስገቡት እስከ ዓርብ ነው። የመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፏል።

ነገ እነግራታለሁ።


ሐሙስ፣ 6ኛ ሳምንት

መዝገቡን ከፍቼ 41ን ቀይ ልቀባው አሰብኩ። ቢቀባስ? ቀለም ብቻውን ደብዳቤ አይሆንም። የመንገድ ክፍል አስተያየት መስጠት አለበት፣ የከተማው ምክር ቤት አቋም መያዝ አለበት፣ ከንቲባው መፈረም አለበት። ይሄ ሁሉ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። እናቴ ለኮሪደሩ ስታስረዳ ስሰማ ነው ያደግኩት።

እራት ላይ ምን ሆነሃል አለችኝ። ሂሳብ ከበደኝ አልኳት። አባቴ ድንቹን ወደ እኔ ገፋልኝ።


ዓርብ፣ 6ኛ ሳምንት

አልነገርኳትም።

ሥራ ማቆሚያው ሰዓት ሲያልፍ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ነበር። ያን ቀንም ልክ እንዲህ ሰዓት አይቻለሁ። አይቼ፣ ኳሱ አላለቀም ብዬ ተመልሻለሁ።

ይህን ልሰርዘው ነበር። ይቅር፣ ይቀመጥ።


ሰኞ፣ 7ኛ ሳምንት

ስልኩ ሲጮህ እናቴ አልመጣችም ነበር። ኮሪደሩ ነው። ለሷ ሊነግራት የከበደውን ለእኔ ነገረኝ። አሥራ አንድ ከተማ 41ን ተቃውሞ ጽፏል። የእኛ ከተማ ግን ጭጭ ብሏል፤ ደንቡ ያለው ደግሞ እኛ ጋ ነው። ሰው ሁሉ እየጠየቀው ነው። እሱ፣ እሷ ማየት ከብዷት ነው ብሎ አክብሮላት ዝም ብሏል። አሁን ግን ከራሱ ጋር መጣላት ጀምሯል።

ምን ቀረ ጋሼ አልኩት። ቋሚ ኮሚቴው የፊታችን ረቡዕ ሳምንት የሕዝብ አስተያየት ይሰማል፣ ተናጋሪ የሚመዘገበው እስከ ነገ እኩለ ቀን ብቻ ነው አለኝ።

እናቴ ስትገባ በሩ ላይ ጠበቅኳት። ጫማዋን ሳታወልቅ አምስቱንም ረቂቆች ሰጠኋት፣ 41ን ከላይ አድርጌ። ያደረግኩትን ነገርኳት። ቆማ አነበበች። አሥራ ሰባት ላይ ስትደርስ ዓይኗ ሲቆም አየሁ። እጇ ግን አልቆመም፣ ቀጣዩን ገጽ ገለጠች። እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ነጭ አልከው» አለች። «በእኔ ጽሑፍ።»

«እንዳታለቅሺ ብዬ ነው እማ።»

«እኔ እኮ አንብቤ ነው የማለቅሰው። አንብቤ፣ አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ ቀይ እቀባው ነበር። ሥራዬ ነው።»

አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ስልኩን አቀብለኝ አለች።


ማክሰኞ፣ 7ኛ ሳምንት

ዛሬ የሰማሁትን በቅደም ተከተል ልጻፍ።

እናቴ ለሕግ ክፍሉ ኃላፊ፣ 41ን ያለፈችው እሷ እንደሆነች ነግራዋለች። የእኔን ስም አላነሳችም። ለአባቴ ስትነግረው ከግድግዳው ማዶ ሰማሁ። ኃላፊው ክፉ ቃል አልተናገራትም፤ ደክሞሻል፣ እረፍት ውሰጂ ነው ያላት። ቢሮው ውስጥ ግን ሁለት ሴቶች ስታልፍ ዝም ብለዋል። አንዷ፣ የራሷን ልጅ ጉዳይ ያላየች ሌላውን እንዴት ታያለች ስትል ደርሳባታለች።

አባቴ ለምን እውነቱን አልነገርሻቸውም አላት። እሷም፣ መዝገቡ በማን ስም ነው ያለው አለችው።

ከተማው አቋም ስላልያዘ በከተማው ስም መናገር አይቻልም። ሠራተኞቹም ያለ አቋም ቆመው መናገር አይፈቀድላቸውም። እሷ የማዘጋጃ ቤት ናት። አባቴ የውሃ ክፍል ነው። ኮሪደሩ ጭራሽ። ነዋሪ ግን መናገር ይችላል፣ ሦስት ደቂቃ። ከእኛ ቤት የከተማው ሠራተኛ ያልሆነው እኔ ብቻ ነኝ።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ስሜን አስመዘገበችው።


እሑድ፣ 7ኛ ሳምንት

ታለማምደኛለች። ወጥ ቤት ቆሜ እናገራለሁ፣ እሷ ሰዓት ትይዛለች።

በእህትህ አትጀምር አለችኝ። እንባ ያያሉ፣ ከልባቸው ያዝናሉ፣ ከዚያ ቀጣዩን ተናጋሪ ይጠራሉ። በአንቀጹ ጀምር። የሚጽፉት ነገር ስጣቸው። ሕግ አውጪ በእጁ እስክሪብቶ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ነው፣ የምትሰጠው ነገር ከሌለህ አበባ ይሥልበታል።

የምሰጣቸውን እሷ ጻፈችው፤ አራት ቃል ነው። አንቀጽ 17 ላይ «ከትምህርት ቤት መንገዶች በቀር» የሚለው ይጨመር። ሃያ ጊዜ አስባለችኝ። ሃያ አንደኛው ላይ በር ተከፈተ፣ አባቴ ነው፤ ድምፅህ ወለሉ ላይ እየፈሰሰ ነው፣ ቀና አድርገው አለኝና ወጣ።

ከጠየቁኝስ አልኳት። ስለ ቀኑ ከጠየቁኝስ።

የምታውቀውን ትመልሳለህ አለች። ሰዓቱን አስቁማ ነው ያለችው።


ረቡዕ፣ 8ኛ ሳምንት፣ አውቶቡስ ውስጥ

በሄድንበት አውቶቡስ እየተመለስን ነው። መንገዱ ቢያንገጫግጭም አሁኑኑ ልጻፈው።

አዳራሹ ካሰብኩት ያንሳል። ምንጣፉ የሰው እግር የሚበዛበት ቦታ ላይ ተልጦ መንገድ ሠርቷል። ማይክሮፎኑ ላይ መብራት አለ፤ ሦስት ደቂቃው ሊያልቅ ሲል ይቀላል። ሰብሳቢዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። እናትና አባቴ ከኋላዬ፣ ኮሪደሩ በሩ ላይ። ወንበር ተለቆለት አልቀመጥም አለ።

ከእኔ በፊት የግንባታ ድርጅቶቹ ጠበቃ ተናገረ። ትሑት ሰው ነው። ስለ ሕፃናት የመጣውን ሐሳብ እንደሚረዳ ተናገረና፣ አንቀጹ ላይ «ከትምህርት ቤት በር ግራና ቀኝ ሃምሳ ሜትር በቀር» የሚል ቢገባ ቅሬታ እንደሌለው አስታወቀ። አባላቱ ጻፉ። ሰብሳቢዋም ጻፈች። ያለቀ መሰለ።

ተራዬ ደረሰ። በአንቀጹ ጀመርኩ። አራቱን ቃል ሰጠኋቸው፤ ፌንጣን ያነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወረደች።

«ልጄ፣ ሃምሳ ሜትር አይበቃም? እህትህ የተገጨችው በሩ ላይ አይደለም?»

አይደለም አልኩ። መድኃኒት ቤቱ ጋ ነው፤ ከበሩ መቶ ስልሳ ሜትር።

ዳር ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ወደ ማይክሮፎናቸው አጎነበሱ። ለክፋት አልነበረም፣ በእውነት ስላልገባቸው ነው። «ታዲያ በሩን ትታ ምን ፍለጋ ሄደች?»

መብራቱ ቀላ። ከኋላዬ የእናቴ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ሁልጊዜ የምለውን ብል፣ ሰዓቴን ጠብቄ ደረስኩ፣ እሷ ቀድማኝ ወጣች ብል፣ ልጅቷ ራሷ ቀበጠች ማለት ነው። ያኔ ሃምሳ ሜትር ይበቃል።

«እኔን ፍለጋ ነው» አልኩ። «ሃያ ደቂቃ ዘገየሁባት። ኳስ እየተጫወትኩ ነበር። በየት እንደምመጣ ስለምታውቅ ልትቀበለኝ ወጣች። ልጅ ሃያ ደቂቃ ሙሉ በር ላይ አይቆምም። ሃምሳ ሜትር ካላችሁ የምትጠብቁት በሩን ነው፤ ልጆቹን አይደለም።»

መብራቱ ጠፋ። ማንም ተቀመጥ አላለኝም፣ ስለዚህ ቆሜ ቀረሁ። ሽማግሌው የጻፉትን ሰረዙ። ሰብሳቢዋ አመስግና ቀጣዩን ተናጋሪ ጠራች።

አባቴ አሁን ከፊት ለብቻው ተቀምጧል። አንገቱን ብቻ ነው የማየው። እናቴ አጠገቤ ናት። ሁለት መንደር አለፍን። ከዚያ፣ ጥበቃው በቀብሯ ሳምንት ነግሮኛል አለች።

ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

«አንተ ራስህ ተናግረህ ስትጨርሰው እንድሰማው።»

ሻንጣዋን ከፍታ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። በላሁ።


ሰኞ፣ 9ኛ ሳምንት

አባቴ አምስት ቀን አላናገረኝም። ጠዋት ሻዩን ይጠጣል፣ ይወጣል። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ የዕቃ ሳጥኑን በር ላይ አስቀምጦ እየጠበቀኝ ነበር። ና፣ አንድ ቤት ቧንቧ ፈንድቷል አለኝ። የሰው ወጥ ቤት ወለል ላይ በሆዳችን ተኝተን ሁለት ሰዓት ሠራን። ያዝ። ላላ አድርገው። አጥብቅ። ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ስንጨርስ እጄን በራሱ ጨርቅ ጠረገልኝ። ይቅር አለኝ ማለት አይደለም። ጨርቁ ግን የእሱ ነው፣ ለማንም አይሰጥም።


ሐሙስ፣ 10ኛ ሳምንት

ምንም የለም። ኮሪደሩ በቀን ሁለቴ ይደውላል፣ ምንም የለም ለማለት።

ዳኛው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኋላ ወንበር ነበር። አጎቱ ያን መንገድ እንደማይፈልገው ነገረኝ። አልጠየቅኩትም ነበር።


ረቡዕ፣ 11ኛ ሳምንት

41 ጸደቀ። አንቀጽ 17 ላይ ተጨምሯል፦ «ተማሪዎች በሚገቡበትና በሚወጡበት ሰዓት ከትምህርት ቤት በር በየአቅጣጫው ሁለት መቶ ሜትር በቀር»። አራቱ ቃል አልገቡም። ሁለት መቶው ግን ገባ። ኮሪደሩ ስልክ ላይ ሲናገር ድምፁ ስለተቆራረጠ መስመሩ ነው ብለን ነበር። መስመሩ አልነበረም።

እናቴ መዝገቡ ላይ የመጨረሻውን ውሳኔ ሞላች። በሚቀጥለው ዓመት መዝገቡን ሌላ ሰው ይይዘዋል፤ እሷ ወደ መዛግብት ክፍል ተዛውራለች። ደብዳቤው ሁለት መስመር ነው። ተተኪው ወጣት ልጅ ከሰዓት ቤት መጣ፣ እስኪመሽ አስተማረችው። ርዕስ አታንብብ አለችው። ከኋላ ጀምር። ስታነብ ካስለቀሰህ አልቅስና ቀጥል።

ልጁ እየቀለደች መስሎት ሳቀ። እኔ ሻይ ልቅዳ ብዬ ተነሳሁ።

ለኃላፊው ራሴ ሄጄ እንድናገር ለመንኳት። እምቢ አለች። ጉባኤው ይዘጋና እናወራለን ነው ያለችው።


ዓርብ፣ 12ኛ ሳምንት

ዛሬ ጉባኤው ተዘጋ። ከትምህርት ቤት ስወጣ በዚያ መንገድ መጣሁ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ። የታናናሾቹ መውጫ ሰዓት ነበር። የከተማው ሠራተኞች ምሰሶዎቹን ትላንት በአዲሱ ልክ ተክለዋቸዋል፣ ሲሚንቶው ገና አልደረቀም።

መድኃኒት ቤቱን አልፌ ምሰሶው ጋ ስደርስ አንድ ገልባጭ መጣ። አሸዋ የጫነ ነው። ሾፌሩ ምልክቱን ሲያይ ፍሬን ያዘ፣ አንገቱን አውጥቶ አነበበው፣ ተሳደበ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ አይዞርም። እስከ ጎን ቅያሱ ወደ ኋላ ተመልሶ እዚያ መዞር አለበት፤ ከኋላው ደግሞ ልጆች ከዚያው ቅያስ እየወጡ ነበር፣ ቦርሳ ለቦርሳ እየተጓተቱ።

«ጎረምሳው» አለኝ በመስኮቱ። «ኋላዬ አይታየኝም። እስቲ ቁምልኝ።»

ሄድኩ። ከመኪናው ኋላ ቆምኩ፣ ጀርባዬን ለልጆቹ ሰጥቼ፣ ግራ እጄን ወደ ኋላ ዘርግቼ። አንዲት ትንሽ ልጅ እጄ ሥር ሾልካ ልታልፍ ስትል ቦርሳዋን ያዝኩት። ልቀቀኝ አለች። ቆይ አልኳት። ሌሎቹ ከኋላዋ ቆሙ፣ ማውራታቸውን ሳያቋርጡ። ወደ መኪናው ቀና ብሎ ያየ አልነበረም።

በቀኝ እጄ ምልክት ሰጠሁት። ጎማዎቹ ወደ ኋላ ተንቀሳቀሱ።

ና አልኩት። ና። ና። ቀስ። ትንሽ። በቃ፣ አሁን ዙር።